የሲስተር ቤት

ጽጌ፣

እናትሽ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር አይተውሻል። ስምሽን ግን አልጠሩም።

የኔ ጽጌ፣ ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፤ አንቺ ያለሽበት ቦታ ከእኛው ይሻላል ብዬ ስለማምን እሱን አልፌ ስለ ቤታችን እነግርሻለሁ። አሁን ናዝሬት አይደለንም። አንቺ ካረፍሽ በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ዜና የምጽፍበት መሥሪያ ቤት ወደ አዋሳ አዛወረኝ። ዕቃችን በአንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ተጫነ፤ ግማሹ ባዶ ነበር። እናትሽ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ የአንቺን የብረት ሳጥን እግራቸው ሥር አድርገው መጡ። ሹፌሩ ሳጥኑን ከኋላ እንጫነው ቢላቸው እሺ አላሉም።

አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ስታርፊ እኔ ለሥራ ነገሌ ቦረና ነበርኩ። ቶሎ ና የሚል መልእክት ደርሶኝ ስመለስ ቀብርሽ አልፏል። ወንድሜ ቤት አሳድረው፣ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች ገብተው አረዱኝ። እናትሽ በዚያ ጊዜ ናዝሬት ቤታችን ውስጥ የዓይናቸው ሞራ ተገፎ፣ ሁለቱም ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ተኝተው ነበር። ሐኪሙ እንዳያለቅሱ፣ ካለቀሱ ዓይናቸው እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ዘመድ መክሮ፣ ዓይናቸው እስኪድን መርዶው ይቆይ አለ።

እኔም ናዝሬት ገብቼ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩና፣ ጽጌ ለትምህርት ወደ ቡልጋሪያ ተልካለች፣ ጉዞው ድንገት ስለሆነባት ሳትሰናበትዎ ሄደች አልኳቸው። ነርሶች ወደዚያ አካባቢ ሲላኩ በየጊዜው እንሰማ ስለነበር ነገሩ ለማመን የሚከብድ አልነበረም። እናትሽ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳሰሱ። መጀመሪያ ጉንጬን፣ ከዚያ ከዓይኔ ሥር። ሲመርቁኝ መስሎኝ ነበር።

ዓይናቸው ዳነ። ዛሬ መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ፤ መነጽር አይፈልጉም። መርዶው ግን ሳይነገር ቀረ። መጀመሪያ ዝውውሩ መጣ። ቀጥሎ ዘመድ በሌለበት አገር እንዴት ይረዳሉ ተባለ። በኋላ ደግሞ የሚጎተጉተኝ ሰው ጠፋ፤ እኔም ዝም አልኩ። አንቺ አንድያ ልጃቸው ነበርሽ፤ ለእኔና ለአንቺ ልጅ አልተሰጠንም። ሐዘናቸውን ከጨረሱ በኋላ ከአማች ጋር የሚያኖራቸው ምክንያት የለም። ደብረ ብርሃን ወንድም አላቸው፤ ወደዚያ ይሄዳሉ። ስምሽ “ስትመጣ” እየተባለ የሚጠራበት ቤት ይኼው አንድ ቤት ነው። እሱም ይዘጋል።

ብትኖሪባት አዋሳን ትወጃት ነበር። ለገጠር ሰው ትልቅ፣ ለአዲስ አበባ ሰው ትንሽ ናት። መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አንዱ ጫፍ ላይ ቆመሽ በሌላው ጫፍ የሚመጣውን ሰው ታያለሽ፣ ፊቱን ግን ለረጅም ጊዜ አትለዪውም። ይህ ነገር መጀመሪያ አካባቢ ያስጨንቀኝ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቁት ሰው ሆኖ ይመጣና፣ አጠገብ ሲደርስ ሌላ ይሆናል።

እዚህ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በዝውውር፣ ነጋዴው ከወላይታና ከከምባታ፣ የፋብሪካው ሰው ከየአቅጣጫው። ሲዳማዎቹ የአገሩ ባለቤቶች ሲሆኑ በገበያ ቀን ከቱላ በኩል እየጎረፉ ገብተው ማታ ይመለሳሉ። አዲስ ሰው የሚጠየቀው “ከየት ተዛወርክ?” ተብሎ ነው። ማን እንደ ሞተበት አይጠየቅም። ያን የሚያውቀው የድሮ ጎረቤት ነው፤ የድሮ ጎረቤት ደግሞ እዚህ ብዙ ሰው የለውም።

ማለዳ ከሐይቁ ጉም ይነሣና አንዳንዴ እስከ ፒያሳ ይደርሳል። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባ የሚያስጠጉበት ቦታ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ አንገታቸው ራቁት፣ ክንፋቸው የታጠፈ፣ ሰው ቢጠጋቸውም የማይሸሹ። ከመጋባታችን በፊት ዲላ ትሠሪ በነበረ ጊዜ አውቶቡስሽ አዋሳ ለምሳ ሲቆም አይተሻቸው ነበር። “ካፖርት ለብሰው መርዶ ሊያረዱ የመጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ” ብለሽ አሳቅሽኝ። እኔ ያኔ አዋሳን አላውቃትም ነበርና ወፎቹን ያየኋቸው በአንቺ ቃል ነው። አሁን በየቀኑ አያቸዋለሁ። አባባልሽ ትክክል ነው።

ቤታችን ከፒያሳ ወደ ምሥራቅ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ያለ የቀበሌ ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ትንሽ ግቢ፣ የቆርቆሮ በር። የገባን ዕለት ጎረቤታችን ማርታ ትኩስ ቆጮ በጎመን ይዛ መጣች። ወላይታ ናት፤ ባሏ ፋብሪካ ይሠራል። ጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ እሑድ እሑድ በየቤቱ መጋረጃ ዘግተው በለሆሳስ ይዘምራሉ፤ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ማርታ ሳህኑን አስቀምጣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች።

“የቤቱ እመቤት የታለች፣ ወንድሜ?”

“ውጭ አገር ናት። ለትምህርት። ነርስ ናት” አልኩ። እናትሽ አጠገቤ ነበሩ።

“ሲስተር ናት? ጌታ ይመስገን! እዚህ ሰፈር መርፌ የሚወጋን ሰው የለም እኮ። ቶሎ ትምጣልን!”

በዚያች ቃል ሰፈሩ ውስጥ ገባሽ። ወር ሳይሞላ ቤታችን “ሲስተር ቤት” ተባለ። የሴቶች ማኅበሯ ሊቀ መንበር፣ ስትመጣ ስለ ንጽሕና ታስተምረናለች ብላ ተራ ያዘችልሽ። ማርታ ጓሮዋ ካለው ጽጌረዳ ቀንጥባ “ይኼ የሲስተር ነው” ብላ በራችን ላይ ተከለችው፤ ይዟል፣ አብቧልም። ልጁ ያተኮሰው ሰው፣ እግሯ ያበጠ አሮጊት በራችንን ያንኳኳሉ። እናትሽ ወጥተው “ገና አልገባችም” ይሏቸዋል። አገር ውስጥ የለችም አይሉም። ሱቅ ደርሳ እንደምትመለስ ሰው ነው የሚያወሩልሽ።

አንድ ቀን ከፒያሳ ጋሪ ተሳፈርኩ። ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ስለው ባለጋሪው ወደኋላ ዞር ብሎ ሳቀብኝ።

“ሲስተር ቤት ነው አትልም እንዴ፣ ጓድ! ስንት ጊዜ አድርሻታለሁ።”

“ማንን?”

“ሲስተርን ነዋ! ብዙ አታወራም እንጂ ጨዋ ናት። ፈረሴም ይወዳታል፤ እሷ ስትሳፈር ጅራፍ አያስፈልገውም።”

መልኳን ጠየቅኩት። ነጠላዋን ወደ ፊት ስለምትስበው ፊቷን አላየሁትም አለኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን እንደ ሥራዬ ያዝኩት፤ መጀመሪያ ያየሽ ማን እንደሆነ ለማግኘት ቤት ለቤት ጠየቅኩ። ማርታ ከባለ ወፍጮው ሰማሁ አለችኝ። ባለ ወፍጮው ሚስቴ ናት ያየቻት አለ። ሚስቲቱ ደግሞ “ማርታ ናት የነገረችኝ፣ መጣች እንዴ?” ብላ መልሳ እኔን ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ዜና ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ አላወጣውም ነበር። ከተማው በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይገባበታል፤ ሰፈሩ የሚጠብቃት አንዲት ሴት ካለች፣ ማንኛዋም ፊቷን የሸፈነች እንግዳ እሷ ልትሆን ትችላለች። ይህን ለራሴ ነግሬ ፋይሉን ዘጋሁት።

የበሩን ነገር ግን መዝጋት አቃተኝ። የቆርቆሮው በር መቀርቀሪያ ብረት አለው። ሲመሽ እኔ ነኝ የምቀረቅረው፤ እናትሽ ከእኔ ቀድመው ይተኛሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማርታ በአጥሩ በኩል “ወንድሜ፣ በራችሁ ተከፍቶ እያደረ ነው፤ ሌባ እንዳይገባ” አለችኝ። ዘግቼው ነበር። እናትሽ ተነሥተው ከፍተውት ነው አልኩ በልቤ። ልጃቸው በመሸ ሰዓት ከሩቅ አገር ብትደርስ ደጅ እንዳትቆም። ልጠይቃቸው አልደፈርኩም፤ ብጠይቃቸው ስለ አንቺ መምጣት እንነጋገራለን፣ ከተነጋገርን እንደገና እዋሻቸዋለሁ።

ደብዳቤ መጣ ወይ ብለው አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም። ይህን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። የሙት ዓመትሽ ዕለት ስብሰባ አለብኝ ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ መቃብርሽ ላይ ቆሜ ዋልኩ። በማግሥቱ ስመለስ ማርታ “እማማ ትናንት ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለድሆች ዳቦ ሲያድሉ ዋሉ፤ ስለት ነው?” አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቆረጥኩ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ በየነ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከጎንደር መጥተው እዚህ አርጅተዋል። ፒያሳ የልጃቸው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሁሉንም ነገርኳቸውና መርዶውን እንዲያረዱልኝ ለመንኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ፣ “ምነው እስካሁን?” አሉና ከሽማግሌዎቹ ጋር መክረው የፊታችንን እሑድ ማለዳ ቆረጡ።

ትናንት እናትሽና ማርታ ዓሣ ሊገዙ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ከሥራ ስገባ ማርታ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሰማሁትን ልንገርህ አለች። ዓሣው እስኪላጥላቸው ሾላው ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ አባ ኮዳዎቹ በቆሙበት በኩል አንዲት ሴት በውኃው ዳር እየሄደች አለፈች። እናትሽ የማርታን ክንድ ያዙ።

“ያቺ ጽጌ ናት” አሉ።

“ሲስተር? መጣች? እንጥራታ፣ እማማ!” ብላ ማርታ ብድግ ስትል ጎትተው አስቀመጧት።

“አትጥሪያት። ከተጠራች ትሄዳለች።”

ሴትዮዋ ዞራ አላየችም። እናትሽ ከዓይናቸው እስክትጠፋ ድረስ ተቀመጡ፤ ከዚያ ማርታን “ዓሣውን ይዘሽ ቅደሚ፣ እኔ የምደርስበት አለኝ” አሏት። ማርታ ይህን ስትነግረኝ ክንዷን ታሻሽ ነበር። “ሰው ልጁን አይቶ እንዴት አይጠራም፣ ወንድሜ?” አለችኝ።

አሁን ለአንቺ ብቻ የምነግርሽ ነገር አለ። እኔም አይቼሻለሁ። የዛሬ ስድስት ወር ገደማ፣ ጉም በነበረበት ማለዳ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ በግራ ትከሻሽ ቦርሳ ተሸክመሽ፣ እንደ ልማድሽ ወደ ግራ ዘንበል ብለሽ ስትሄጂ። ድምፄ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ያልጠራሁሽ እናትሽ ለማርታ በነገሯት ምክንያት ነው። ቃሉን ግን ከእሳቸው እስክሰማ አላገኘሁትም ነበር።

ሌሊቱን ጎኔ አላረፈም። ዛሬ ጠዋት በቀጥታ ጋሽ በየነ ዘንድ ሄድኩና፣ እሑድ ሩቅ ነው፣ እናቲቱ ቀን በቀን እያለሙ ነው፣ ነገውኑ ያርዱልኝ አልኳቸው። ጋሽ በየነ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

“አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ቀብሯ ላይ ነበርክ?”

“አልነበርኩም። ነገሌ ነበርኩ። የተረዳሁት አዲስ አበባ ነው፣ ነግሬዎታለሁ እኮ።”

“እኔማ ሰምቻለሁ። እሳቸው ናቸው ያልሰሙት።” ወዲያና ወዲህ አዩ። “ትናንት ከሐይቁ ሲመለሱ እዚህ መጥተው፣ አሁን አንተ በተቀመጥክበት ተቀምጠው ነበር። ምን አሉኝ መሰለህ? ‘አማቼ የሚስቱን መሞት አልሰማም፤ አደራዎን፣ ሽማግሌ ይዘው ያርዱልኝ’ አሉኝ።”

ጽጌ፣ ጋሽ በየነ የነገሩኝን በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ። እናትሽ ዓይናቸው ታሽጎ ተኝተው ሳለ፣ በቀብርሽ ማግሥት አንዲት የናዝሬት ጎረቤት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። በዚያው አፏ ደግሞ “ባሏ በረሃ ነው፣ ገና አልሰማም፤ አደራ በእርስዎ በኩል እንዳይሰማ” አለቻቸው። ከቀናት በኋላ እኔ ገብቼ ቡልጋሪያ ሄደች አልኳቸው። ዘመዶቼ እኔንም እንዲህ ብለው የሸነገሉኝ መሰላቸው። ፊቴን የዳሰሱት እንባ እንዳለ ለማወቅ ነበር። በመንገድ ላይ ታጥቤ ስለነበር አላገኙም።

ስለዚህ ጠበቁኝ። አዋሳ ድረስ የተከተሉኝ ማረፊያ አጥተው አይደለም። ደብረ ብርሃን ያለው ወንድማቸው ይምጡ ብሎ ሦስት ጊዜ ሰው ልኮባቸዋል፤ ይህንን እንኳ አላውቅም ነበር። ደብዳቤ መጣ ወይ ብለው ያልጠየቁኝ አለመምጣቱን እንዳላስበው ነው። “ገና አልገባችም” የሚሉት በር ላይ ላለው በሽተኛ ሳይሆን ውስጥ ለተቀመጥኩት ለእኔ ነበር። ያለቀሱት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዓይናቸውን በጠበል እየታጠቡ ይመለሱ ነበር።

“አሁን ለምን ሐሳባቸውን ቀየሩ?” አልኳቸው።

“አይቻታለሁ አሉ። ሐይቁ ዳር። ‘ይዘን ያላስሄድናት እኛ ነን፤ ልጁ ይወቅና ትረፍ’ አሉ። ደግሞ አንተን አስበው ነው። ‘ካወቀ በኋላ እኔን የሚያኖርበት ምክንያት የለውም፣ ወደ ወንድሜ እሄዳለሁ፤ እሱ ግን ገና ወጣት ነው፣ ባዶ በር ከፍቶ ሲጠብቅ ማርጀት የለበትም’ አሉኝ።”

“የምን በር?”

“የግቢያችሁን ነዋ። ማታ ማታ ከፍተህላት ታድራለህ አሉ። ጎህ ሲቀድ ተነሥተው የሚዘጉት እሳቸው ናቸው፤ እንዳታፍር ብለው ነግረውህ አያውቁም።”

እኔ እንደምቀረቅረው አልነገርኳቸውም።

ይህን የምጽፍልሽ ከቢሮ ተመልሼ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ነው። እናትሽ ግቢ ውስጥ ማርታ የተከለችውን ጽጌረዳ ውኃ ያጠጣሉ። ከዚህ ሆኜ ጀርባቸው ይታየኛል። ወጥቼ “እማማ፣ አውቃለሁ፤ እርስዎም እንደሚያውቁ አውቃለሁ” ማለት እችላለሁ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ነፃ እንወጣለን፤ በዚህ ቤት እርስ በርስ የያዘን ነገርም ያልቃል። ይቆዩልኝ ብዬ ልለምናቸው እችላለሁ፤ ከእንግዲህ ለእኔ ሲሉ እንጂ ለአንቺ ሲሉ እንደማይቆዩ እያወቅኩ። ወይም ዝም ልበልና እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ፣ በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ ልረዳ፤ እሳቸው የጠበቁኝ በከንቱ እንዳልነበር ይመስላቸው። ወይም ጋሽ በየነ መርዶውን ለእናትሽ ይንገሩና እሳቸው ለእኔ ሲሉ እንደ አዲስ ይደንግጡ።

በየትኛውም መንገድ ግን እሑድ ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል። ማርታ ታለቅስልሻለች። ባለጋሪው ፈረሱን ፈትቶ ይመጣል። የሴቶች ማኅበሯ፣ ባለ ወፍጮው፣ እግሯ ያበጠው አሮጊት፣ አንድም ቀን ያልኖርሽበት ከተማ “ሲስተርዬ” እያለ ይቀብርሻል። አዋሳ ውስጥ በሕይወት ነበርሽ፤ እዚህ የምትሞቺው ገና እሑድ ነው።

አልረሳሽም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ቃሉን ስንት ሰው ጽፎት ረስቷል። እኔ የምሰጥሽ ቃል ይኼ ነው። እናትሽ ቢሄዱም ባይሄዱም፣ ሰፈሩ ለቤቱ ሌላ ስም ቢያወጣለትም፣ እዚህ እስካለሁ ድረስ ማታ በሩን እቀረቅራለሁ፤ ጠዋት ተከፍቶ ባገኘው ማን ከፈተው ብዬ አልጠይቅም። በጉም መንገድ ላይ በግራ ትከሻዋ ቦርሳ የያዘች ሴት ባይም ቆሜ አሳልፋታለሁ። አልጠራትም።

ጋሽ በየነ ስለያቸው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ “እሑድ ሲነጋ እንመጣለን። ማንን እንደምናረዳ እስከ ቅዳሜ ንገረኝ።”

ዛሬ ሐሙስ ነው። እናትሽ ውኃውን ጨርሰው በሩን እያዩ ቆመዋል።